ወንጌል፣ መዶሻና ኮምፒዩተር፦ ከጋፋት እስከ አምቦ

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ከሆለታ ተነሥቶ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን እያቋረጠ እስከ ባኮ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ያሉ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ወጣቶች ዝናቡን የሚያሳልፉት እንደየቤታቸው ነው። የገበሬው ልጅ ከእርፍ ጋር ይውላል፤ የነጋዴው ልጅ የአባቱን ሱቅ ይጠብቃል፤ ሥራም ገንዘብም የሌለው ከበረንዳ ሥር ተጠልሎ ቀኑን ይገፋል። ይህን ባዶ ጊዜ ለመሙላት በየከተማው «የክረምት ትምህርት» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይለጠፋሉ። ሒሳብና እንግሊዝኛ የቆዩ ናቸው፤ ኮምፒዩተር በኋላ የመጣ ነው። ከማስታወቂያዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ የሚለጠፉት በቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ ነው። ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተርና ኤሌክትሮኒክስ ይላሉ።

ይህን ያነበበ ሰው «ጸሎትና ሽቦ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አንዳንዱ ነገሩን እንደ አዲስ ፈሊጥ ያየዋል፤ ሌላው ደግሞ ሙያውን እንደ ማጥመጃ ትል ይቆጥረዋል። በኢትዮጵያ ታሪክ ግን ወንጌልና የእጅ ሙያ አብረው መምጣት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ አለው። ታሪኩ የሚያኮራም፣ የሚያሳዝንም ነው። ዛሬ ልጁን ወደ እንዲህ ያለ የክረምት ትምህርት የሚልክ ወላጅ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ይመስለናል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ መልስ ያላገኙ ጥያቄዎች ዛሬም ከደጃፋችን ቆመዋል።

ሰባኪ ሳይሆን ቀጥቃጭ

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑ ማግሥት፣ በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት አንድ ዕቅድ ነደፈ። ጎባት በወጣትነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ ስለነበር የአገሪቱን ጠባይ ያውቃል። የውጭ ሰባኪ በካህናቱ ዘንድ ጠላት እንደሚያፈራ ተረድቷል። ስለዚህ ሰባኪ ሳይሆን ባለ ሙያ ለመላክ አሰበ። ሰዎቹን ያገኘው ስዊዘርላንድ ውስጥ በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ማሠልጠኛ ነበር። ማሠልጠኛው ከድሃ ቤተሰብ የወጡ፣ በአንድ እጃቸው መጽሐፍ ቅዱስ በሌላው መሣሪያ የያዙ ወጣቶችን ያፈራ ነበር። የታሰበው በሥራቸውና በኑሯቸው እንዲመሰክሩ ነው።

ዕቅዱ ከንጉሡ ፍላጎት ጋር በከፊል ገጠመ። ቴዎድሮስ ሰባኪ አልፈለጉም፤ ሠራተኛ ግን አጥብቀው ይሹ ነበር። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን የተባሉት እነዚህ ሰዎች በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ቦታ ሰፈሩ። መጀመሪያ ያለ ጭንቀት የሚሠሩትን ሥራ ሠሩ። ቆይቶ ንጉሡ መድፍ እንዲያወጡላቸው ጠየቁ። እነርሱም አናውቅበትም አሉ። ንጉሡ አልተቀበሉም። ቀልጦ የፈሰሰው ብረት እየከሸፈ፣ ምድጃው እየፈረሰ፣ እንደገና እየተሠራ ሙከራው ቀጠለ። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» ተወለደ። ይህን መድፍ ወደ መቅደላ ለመጎተት መንገድ ተቀደደ፤ ሠራዊት ገመድ ያዘ። መድፉ ዛሬም እዚያው አለ።

የጋፋት ታሪክ ሲነገር መድፉ ይነሣል፤ የሚረሱት ተማሪዎቹ ናቸው። በጋፋት ወናፉን የነፉት፣ ቅርጹን የሠሩት፣ ብረቱን ያቀለጡት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነበሩ። ለልጆችም ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ታዲያ እነዚያ ወጣቶች የት ደረሱ? ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱ፣ የጋፋት ሰዎች ከጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ጋር አብረው አገር ለቀቁ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ዝነኛ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ማየር ተመልሶ በሸዋ ባሊ በተባለ ቦታ ሲያስተምር ቆይቶ፣ በ1870ዎቹ መጨረሻ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከጓደኞቹ ጋር እንዲወጣ ተደረገ። ጋፋት ግን ዝም አለ። ምድጃውን እንደገና የሚያቀጣጥል አልተገኘም። ዕውቀቱ በጥቂት ባዕዳን ራስ ውስጥ፣ ሥራው ደግሞ በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለነበር ሁለቱ ሲለያዩ ሁሉም ነገር አብሮ ፈረሰ።

የጠይብ ስም

ለጋፋት ዝምታ ሌላም ምክንያት አለ። በዚያ ዘመን ብረት ቀጥቅጦ ማደር ክብር አልነበረም። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ የሚሸምነውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብ የተለመደ ነበር። ስድቡ «ቡዳ ነው» ወደሚል ፍርሃት ይሸጋገራል። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው የሚጸየፍ ገበሬ፣ ልጁ ያንኑ ሙያ እንዲማር ሊፈቅድ አይችልም። ዐፄ ምኒልክ ይህ ነገር አሳስቧቸው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ የሚሳደበውም እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል አሉ። ዐዋጅ ግን ልብን በአንድ ቀን አያጥብም። ዛሬም ቢሆን ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆንለት የሚመኝ ወላጅ፣ ቴሌቪዥን የሚጠግን ልጅ እንዲኖረው ሲመኝ ብዙም አይሰማም።

የምዕራብ ሸዋ ሰው ከማሽን ጋር የተዋወቀው በዚያው ዘመን ነው። ምኒልክ አዲስ ዓለምን መናገሻ ሊያደርጉ አስበው ከአዲስ አበባ ወደዚያ መንገድ ሲያስወጡ፣ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዝያን በእንፋሎት የሚሄድ መዳመጫ አምጥቶ ነበር። ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ዛሬ አምቦ የሚወስደው ጎዳና የመጀመሪያው ክፍል በዚያ መኪና ተረግጧል ማለት ነው። መኪናውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነበር። ቆሞ የሚያየው ብዙ ነው።

ከቅድስት ክሪሾና ወደ ኦሮሞ ምድር የሚያገናኝ ሌላ ክርም አለ። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠውና ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት በእምኩሉ ተማረ። እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር እየሠራ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ መለሰ። መጽሐፉ በግዕዝ ፊደል የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 በዚያው በቅድስት ክሪሾና ነው። ኦነሲሞስ ለኅትመቱ ራሱ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። በ1896 ዓ.ም. ወደ ወለጋ ተመልሶ ማስተማር ጀመረ። ለመድፍ ሰዎቿን የላከችው ያችው ቦታ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ መጽሐፍ አትማ ላከች። መድፉ ተራራ ላይ ሲቀር መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ልዩነቱ ከየት መጣ? መጽሐፉን የሠሩት የአገሩ ልጆች ነበሩ፤ የተጻፈውም በሕዝቡ ቋንቋ ነበር።

ምሰሶው የቆመበት ዘመን

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት የሚስዮኖችን ነገር በሕግ ሊያሲዝ ፈለገ። በ1936 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በሚበዙበት አካባቢ የውጭ ሚስዮን መስበክ አይችልም፤ በተቀሩት ግን ክፍት ነው። የትምህርቱ ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። ድንጋጌው ከክልከላው ጎን የማይታይ ግፊት ነበረው። መስበክ በተከለከለበት ስፍራ ሚስዮኖቹ ክሊኒክና ትምህርት ቤት እየከፈቱ ገቡ። መንግሥት በበኩሉ በምዕራብ ሸዋ የራሱን ሥራ ጀመረ፤ በ1939 ዓ.ም. አምቦ ላይ የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቃው ተቋም ሥር ነው።

ወንጌልና ቴክኒክ በትልቁ የተገናኙት ግን በሬዲዮ ነው። የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት የዓለም ፌዴሬሽን ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመረቀ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ገጃ በተባለው ቦታ ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ተተከሉ። ከኢትዮጵያ አልፎ እስከ ማዳጋስካር፣ እስከ ሕንድና እስከ ቻይና ድረስ በብዙ ቋንቋ ይሰማ ነበር። ከፕሮግራሙ የሚበዛው ክፍል ስብከት አልነበረም፤ ዜና፣ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻና ስለ ቤት አያያዝ የሚሰጥ ትምህርት ነበር። በእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ማሠራጫውን የሚጠብቅ፣ ድምፅ የሚቀርጽ፣ የተቃጠለ ቱቦ የሚለውጥ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሥራ በጊዜ ብዛት በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ በ1951 ዓ.ም. እንደ ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን ከቆመች በኋላ፣ «የምሥራች ድምፅ» የተባለውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረች። ዘመቻው በየገጠሩ ያሉ ምእመናን እርስ በርሳቸው ፊደል እንዲያስተማሩ ያደረገ ነበር፤ የደርግ መንግሥት በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከማወጁ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ይቀድማል። በአዲስ አበባ ደግሞ በተለምዶ «ወወክማ» የሚባለው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ወጣቶችን በስፖርት፣ በማታ ትምህርትና በካምፕ ያሰባስብ ነበር። የዛሬው የክረምት ካምፕ የቅርብ ዘመዶች እነዚህ ናቸው።

ጉዲና ቱምሳ ምን አሉ?

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ጉዳይ ላይ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ከአውሮፓ ገንዘብ የሚልኩት ድርጅቶች ለልማት እንጂ ለስብከት አንሰጥም ማለት ጀመሩ። ገንዘቡ ለትምህርት ቤትና ለውሃ ጉድጓድ ይመጣል፤ ለወንጌል ሥራ ግን ይቀንሳል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የሚመሯት ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ ይህን ክፍፍል ተቃወመች። የደብዳቤው ሐሳብ ባጭሩ ሲነገር፣ ሰው አንድ ነው፤ ሥጋውን ለአንዱ ነፍሱን ለሌላው ማካፈል አይቻልም፤ ዳቦ ሰጥቶ መንፈሱን ባዶ መተው፣ ወይም ሰብኮ ርሃቡን አለማየት ሁለቱም ግማሽ ሥራ ነው የሚል ነበር። ይህ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ የተላከ ትምህርት በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ብዙ አነጋገረ።

ለርእሳችን ይህ ደብዳቤ ትልቅ ነገር ነው። ወጣትን ኮምፒዩተር ማስተማር ለስብከት ማጥመጃ ነው የሚለው ትችት የሚነሣው ሙያውና እምነቱ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች እንደሆኑ ሲታሰብ ነው። እነ ቄስ ጉዲና የሚሉት ሌላ ነው። ለወጣቱ ሙያ መስጠት በራሱ ግብ ያለው፣ ለሌላ ነገር መንገድ ተብሎ የማይቆጠር ሥራ ነው። ይህን በቅንነት የሚቀበል ካምፕ፣ የኦርቶዶክሱን፣ የሙስሊሙንና የዋቄፈታውን ልጅ እምነቱን ሳይጠይቅ መቀበል፣ ጸሎቱንም በፈቃዱ እንዲሆን መተው ይገባዋል። አለበለዚያ ትችቱ እውነት ይሆናል።

አብዮቱ ግን ሁለቱንም አልማረም። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ የብሥራተ ወንጌልን ጣቢያ ወረሰ። ስሙም «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ወወክማም ንብረቱን ተወርሶ ሥራውን አቆመ፤ እንደገና የተንቀሳቀሰው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከስብከት ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ። አስከሬናቸው የተገኘውና በክብር ያረፈው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ጋፋትንና ገጃን ማነጻጸር ይጠቅማል። ጋፋት ባለቤቶቹ ሲሄዱ ጠፋ። ገጃ ግን ባለቤቱ ተቀምቶ እንኳ መናገሩን ቀጠለ፤ የሚናገረው ነገር ተለወጠ እንጂ ማሠራጫው አልቆመም። ንጥቂያው ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ነገር ግን ሙያው በአገር ልጆች እጅ ገብቶ ስለነበር ባለቤት ቢለወጥም አልሞተም።

ፊደል፣ መብራትና ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር ወደ ከተሞቻችን ሲገባ ሁለት እንቅፋት ገጠመው። አንዱ ፊደል ነው። ለላቲን ፊደል በተሠራ መኪና ላይ ከሁለት መቶ በላይ የግዕዝ ፊደላትን ማስገባት ብዙ ድካም ጠይቋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በ1970ዎቹ መጨረሻ የጀመሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሥራ፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ስለሄደ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ የማይችልበት ዘመን አመጣ። ችግሩ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1999 ግዕዝ «ዩኒኮድ» በተባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በምዕራብ ሸዋ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ሲወሰን፣ የአምቦ ተማሪ ያለ ምንም ልዩ ፕሮግራም በተራው የእንግሊዝኛ ቁልፍ ሰሌዳ የእናቱን ቋንቋ መጻፍ ቻለ። የቁቤ ደጋፊና ተቃዋሚ ስለ ታሪክና ስለ ፖለቲካ ሲከራከሩ ይህን ትንሽ ግን ተግባራዊ ጥቅም ያነሣው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት መብራት ነው። በአባይ ገባር በፊንጫ ላይ የተሠራው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሥራ ሲጀምር፣ ኃይሉን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ሽቦ በጌዶ በኩል አድርጎ የምዕራብ ሸዋን ተራሮች ተሻገረ። ከሥሩ ያሉ ብዙ መንደሮች ግን ለአሥርተ ዓመታት በኩራዝ አመሹ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይሏል ይህ ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባም ለአውራጃው ከተማ ወሬ ብቻ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን አንስቶ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለው «ፕላዝማ» ትምህርትን በሳተላይት አመጣ፤ ነገር ግን የፕላዝማው መምህር አይጠየቅም፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ልጁ ማሽኑን አየው እንጂ አልነካውም። በሰርኪስ ባቡር ዘመን እንደነበረው ማለት ነው።

ወንጪ

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ዓለምን ያነጋገረ ነው። ከአምቦ በስተ ደቡብ፣ ከገሞራ አፍ ውስጥ ሐይቅ ተኝቶ በሚታይበት በወንጪ፣ በ2004 ዓ.ም. አንድ ሙከራ ተደረገ። ወንጪ ዛሬ ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ይባል እንጂ ቀድሞ የምዕራብ ሸዋ ክፍል ነበር። ሙከራውን ያካሄደው ለድሃ አገር ልጆች ርካሽ ላፕቶፕ በማደል የታወቀው የአሜሪካው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት ነው። ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሃያ ያህል ሕፃናት ታብሌት ኮምፒዩተሮች በታሸገ ሣጥን ቀረቡ። እንዲሁ በምሥራቅ ሸዋ በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ልጆች ተሰጠ። አስተማሪ የለም፤ ማስረጃ ወረቀት የለም። ከፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ለአዋቂዎች ከማሳየት በቀር የተነገራቸው ነገር አልነበረም።

ኔግሮፖንቴ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ እንደተናገረው፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን አርባ ሰባት ፕሮግራም ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር በመንደሩ ይዘመር ጀመር። በአምስት ወር ደግሞ ልጆቹ እንዳይነካ የተቆለፈውን የስክሪን ገጽታ ሰብረው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መልክ አደረጉት፤ በስሕተት ተዘግቶ የነበረውንም ካሜራ አስነሡት። ዜናው «የኢትዮጵያ ሕፃናት ኮምፒዩተር ሰበሩ» እየተባለ በዓለም ጋዜጦች ዞረ።

በዚህ ዜና የማይኮራ የለም። ከጋፋት ጀምሮ «ይህ ሕዝብ ለማሽን አልተፈጠረም» ሲሉ ለነበሩት የወንጪ ልጆች መልስ ሰጡ። ይሁን እንጂ ኩራቱ ካለፈ በኋላ መጠየቅ ያስፈልጋል። በታብሌቶቹ ውስጥ የተጫነው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ሙከራው አስተማሪ ሳይኖር ልጅ ምን ያህል ይሄዳል የሚል ነበር። ለተመራማሪ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለልጁ ግን የሚቀጥለው ጥያቄ ይበልጣል፤ ቁልፉን ከሰበረ በኋላ ማን ያሳየዋል? ለምን እንደ ተሰበረ፣ ከውስጥ ምን እንዳለ፣ እርሱ ራሱ እንዴት አዲስ ፕሮግራም ሊጽፍ እንደሚችል የሚነግረው ማን ነው? ጋፋት አስተማሪዎቹን አጥቶ ወደቀ፤ ወንጪ ደግሞ ከመጀመሪያውም ያለ አስተማሪ እንዲሆን ታሰበ።

የክረምቱ ካምፕ ሊሞላው የሚችለው ክፍተት ይህ ነው። መሣሪያው እንደ ድሮው ውድ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ በኢቭሬያ እ.ኤ.አ. በ2005 ለተማሪዎች የተሠራው «አርዱይኖ» የተባለ መዳፍ የማይሞላ ሰሌዳ፣ ከጥቂት ሽቦና ትንንሽ አምፖሎች ጋር ሆኖ፣ አንድ ተማሪ ውሃ ሲጎድል የሚጮህ ወይም ሲመሽ የሚበራ ነገር እንዲሠራ ያስችለዋል። ኔግሮፖንቴ ከመሥራቾቹ አንዱ ከሆነበት የአሜሪካ የምርምር ማዕከል የወጣው «ስክራች» ደግሞ ልጆች ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየደረደሩ ፕሮግራም እንዲጽፉ የሚያደርግ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለአምቦ ልጅ ቀላል አይደለም። የአምቦው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በአገሪቱ ሁሉ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቷል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተርና ኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሚያስተምርበት ካምፓስ ዛሬ በሃጫሉ ስም ይጠራል። ኮምፒዩተር የሚማር ወጣት፣ መስመሩ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ በዚያ ክረምት ተምሯል።

ምን ይቅር?

መንግሥት ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን በኢንተርኔት ፕሮግራም ጽሕፈት ለማሠልጠን ዕቅድ አውጥቷል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። የምስክር ወረቀት ቁጥር ግን የሙያ ቁጥር አይደለም፤ ሙያ በልብ ነውና። ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም የሚችል አንድ የጉደር ልጅ፣ ስሙ በዝርዝር ከገባ መቶ ልጅ የበለጠ ለከተማው ይጠቅማል።

ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት ሦስት ነው። የመጀመሪያው፣ አስተማሪው ከዚያው ካልወጣ ዕውቀቱ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ከውጭ ለሁለት ሳምንት የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ይመሰገናል፤ ነገር ግን የካምፑ ስኬት መለካት ያለበት በሚቀጥለው ክረምት ያለ እርሱ ትምህርቱ ይካሄዳል ወይ በሚለው ነው። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የኦነሲሞስና የአስቴር መጽሐፍ የቆየው በሕዝቡ ቋንቋ ስለተሠራ ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰት በኦሮምኛ ማስረዳት የሚችል መምህርም እንዲሁ ይቆያል። ሦስተኛው፣ ልጁ ሣጥኑን የመክፈት መብት ይኑረው። ዕቃ ይበላሻል ተብሎ ኮምፒዩተሩ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ቁልፉ በኃላፊው ኪስ ውስጥ ከከረመ፣ የተቀመጠው ትምህርት ሳይሆን ንብረት ነው። የጋፋት ሰዎች ስንት ጊዜ ብረት አፍስሰው እንዳበላሹ ማስታወስ ይበቃል።

ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ አግዳሚ ወንበርና የሚታመን ስም አላት። ትምህርት ቤቶች በክረምት የሚዘጉ የኮምፒዩተር ክፍሎች አሏቸው። ዩኒቨርሲቲው ወጣት መምህራን አሉት። እነዚህ ሦስቱ በየአጥራቸው ውስጥ ሆነው አንዱ ሌላውን በጥርጣሬ ሲያይ ብዙ ክረምት አልፏል። ጥርጣሬው ከ1936ቱ ድንጋጌም፣ ከ1969ኙ ውርስም ያቆጠቆጠ ስለሆነ በአንድ ቀን አይነቀልም። ሊያቀራርባቸው የሚችለው ግን ወጣቱ ራሱ ነው። ወላጅም የሚጠይቀው ቀላል ነገር አለ፤ ልጄ መስከረም ላይ ምን መሥራት ይችላል? እርሱስ ለታናሽ ወንድሙ ምን ያሳየዋል? ለእነዚህ መልስ ያለው የክረምት ትምህርት፣ የጠራው ማንም ይሁን ማን፣ ሊደገፍ ይገባዋል።